የአባቴን ባትሪ ላበራልኝ ወንድሜ ምስጋናዬ ይድረስልኝ

ሰላም የጅማ ልጆች። ዛሬ የምጽፈው ለማመስገን ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን እባካችሁ አንብቡልኝ።

አባቴ ማና ወረዳ ቡና አለው። ከጥቅምት ጀምሮ ቡናው ተለቅሞ አልጋ ላይ ሲሰጣ እንቅልፍ የለውም። ሌባውንም ድንገተኛ ዝናቡንም እየፈራ ሌሊት ሌሊት ተነስቶ ይዞራል። ከእጁ የማትለየው ባለ ሦስት ድንጋይ የብረት ባትሪው ናት። እኔ ሳልወለድ ነው የገዛት። ማብሪያዋ አጠገብ በቅሎ የረገጠቻት ስርጉድ አለባት። ልጅ ሆኜ አውራ ጣቴ ልክ እዚያ ስርጉድ ውስጥ ይገባ ነበር። ከጅማ አምሽቼ ስመለስ አባዬ እሷን ይዞ መንገድ ዳር ይጠብቀኛል። ያቺን ብርሃን ከሩቅ ሳይ ፍርሃቴ ሁሉ ይለቀኛል።

አሁን ዓይኑ ደክሟል። የድሮው አምፖል ቀላ ያለ ብርሃን አይበቃውም። ድንጋዩም ቶሎ ቶሎ ያልቃል። አዲስ ባትሪ ገዝቼ ወሰድኩለት፣ ሁለት ወር አልቆየም። "የኔዋን አሠሪልኝ" አለኝ። ቪዲዮ አየሁ፣ ቀላል መሰለኝ። ኤልኢዲ አምፖል፣ እንደ ስልክ ቻርጅ የሚደረግ ሊቲየም ድንጋይ፣ በመሃል ደግሞ ከረንቱን የምትመጥን፣ ድራይቨር የሚሏት ትንሽ ሰሌዳ። በቃ።

በቃ አይደለም ለካ። የመጀመሪያው ሱቅ ድራይቨር ስለው አንድ ነገር አውጥቶ ሰጠኝ፣ 450 ብር ተቀበለኝ። ጎረቤቴ ሲያየው የኮርኒስ መብራት ድራይቨር ነው፤ 220 ቮልት ካልገባበት አይሠራም። የእጅ ባትሪ እንደሆነ ነግሬው እኮ ነው! ልመልስ ብሄድ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። ሁለተኛው ደግሞ "ድራይቨር ምን ያደርግልሻል?" ብሎ ኤልኢዲዋን ከድንጋዩ ጋር በቀጥታ በየዳት። ቦግ ብላ በራች፣ ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። ማታ ቤት ሳበራት ጭንቅላቷ እጄን ፈጀኝ። ብርሃኗ ወደ ሰማያዊ ሄደና ድርግም አለች። በነጋታው ይዣት ስመለስ "አምፖሉ የማይረባ ነው፣ ሌላ ግዢ" አለኝ። ሦስተኛው ቤት የነበረው ሰውዬ አገላብጦ አያትና ሳቀ። "ይሄንንማ ለቆራሌው ስጪው።" ገንዘቡ ይቅር፣ ያቺን ቃል ግን አልረሳትም። የአባቴ ባትሪ ናት እኮ!

ተስፋ ቆርጬ ወደ ቤት ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሹፌር ነው እዚሁ ጅማ መርካቶ ውስጥ ያለ አንድ ልጅ የጠቆመኝ። እሱንም እግዜር ይስጠው። ሱቁ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ዱካ፣ ግድግዳው ሁሉ የተፈታ ሬዲዮ። ባትሪዋን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። በጨርቅ ጠረጋት። ከዚያ የጠየቀኝን ስሙልኝ። "ምን ሆነች?" አላለም። "ማን ነው የሚይዛት?" ነው ያለኝ።

አባቴ ነው አልኩት። "ደውይላቸውና አገናኚኝ" አለኝ። ስልኬን ተቀብሎ "አባባ፣ እንደምን ዋሉ? በሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ? ሲነሱስ ምን ያህል ያበራሉ? ሩቅ ነው የሚያዩት ወይስ እግርዎ ሥር?" እያለ እንደ ሐኪም ጠየቀው። አባዬም ደስ ብሎት ከቡናው ጀምሮ እስከ ጉልበቱ ሕመም ድረስ አወራው። ልጁ አላቋረጠውም። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ አላቋረጠውም። ጣቶቹ እንደ ድሮው አልታዘዝ ማለታቸውን ሲሰማ ወደ እኔ ዞረና "አንድ ጊዜ ሲጫኑ በርታ፣ አንድ ጊዜ ሲጫኑ የምትጠፋ ነው የሚያስፈልጋቸው" አለኝ። ለካ ብዙዎቹ ድራይቨሮች በተጫኑ ቁጥር ደመቅ፣ ፈዘዝ፣ ብልጭ ድርግም እያሉ ይቀያየራሉ። ጨለማ ውስጥ ያለ ሽማግሌ ከዚያ ጋር ይታገል?

ከመሳቢያው ሁለት ሰሌዳ አወጣ። ሁለቱም ከሳንቲም አይበልጡም። "ይሄ 3 አምፔር ይሰጣል። ተራራ ማዶ ያሳያል፣ ግን ይሄን ድንጋይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጨርሰዋል፣ ብረቱንም ያግለዋል። ይሄኛው 350 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ወደ ሰባት ሰዓት ያበራላቸዋል፣ ብርሃኑም ከድሮው አምፖል ይበልጣል።" ውዱን ሊሸጥልኝ ይችል ነበር። እኔ ምን አውቃለሁ? ርካሹን ሰጠኝ።

የፊቷ ኤልኢዲ ለምን እንደተቃጠለችም ያኔ ገባኝ። የድሮው አምፖል ሲግል ራሱ ከረንቱን ይገታል። ኤልኢዲ ግን ሲግል ይብስበታል፣ የበለጠ ይስባል። ድራይቨሩ ነው "ይብቃሽ" የሚላት። ሌላ ብዙም ነገር ነግሮኛል፣ አልያዝኩትም። የያዝኩት እጁን ነው። አዲሱ ድንጋይ ከድሮው ስለሚቀጥን በውኃ ቧንቧ ቁራጭ ውስጥ አስገባው። የተረፈውን ቦታ እንጨት ጠርቦ ሞላው፣ በእንጨቱም ውስጥ ሽቦ አሳለፈ። በስልክ ቻርጀር እንድትሞላ ትንሽ ቀዳዳ አበጀላት። "ስርጉዷን ላቃናት?" ብሎ ሲጠይቀኝ "አትንካት" አልኩት። ፈገግ ብሎ ተዋት።

ሲጨርስ የሱቁን መብራት አጥፍቶ፣ በሩን ዘግቶ አበራት። ቶሎ አልሰጠኝም። ሩብ ሰዓት ያህል እየበራች ጭንቅላቷን በመዳፉ ይዞ ሙቀቷን ሲጠባበቅ ቆየ። ለብ ከማለት አላለፈችም። ያኔ ነው "አሁን ውሰጂላቸው" ያለኝ። የድራይቨሩንም የእጁንም 300 ብር ብቻ ነው የተቀበለኝ። ልጨምርለት ብል እምቢ አለኝ።

ይኸው ሦስተኛ ወሯ፣ የዘንድሮን ቡና አብራ ጠብቃለች። አባዬ በሄድኩ ቁጥር "ያ ልጅ ደህና ነው?" ይለኛል። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥህ። እባካችሁ ባትሪም ሬዲዮም የተበላሸባችሁ፣ ጣሉት የተባላችሁ፣ መጀመሪያ እሱ ጋ ውሰዱት። ሂዱ፣ አትቆጩም!

ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ አልለጥፍም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሱቁን አሳያለሁ። አሮጌውን ባትሪ ከነድንጋዩ ይዛችሁ ሂዱ፣ የሚይዘው ሰው ማን እንደሆነ ይጠይቃችኋል። አርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ለጁምዓ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ እስኪመሽ አለ።