ስለ ነፋስና መሬት መንቀጥቀጥ ዲዛይን የወሰድኩት ኮርስ፦ የስታፋው ትምህርት ብቻውን ይበቃል

ስለ ኮንክሪት ሕንፃ የመሬት መንቀጥቀጥና የነፋስ ዲዛይን የሚያስተምረውን የስምንት ሳምንት የኦንላይን ኮርስ ጨረስኩ። ስትራክቸር የምትሠሩ ከሆነ ውሰዱት። የነፋሱ ክፍል ግን አላጠገበኝም፣ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

እኔ እስካሁን የምሠራው እንዲህ ነበር። ሁለቱንም ጭነት ሶፍትዌሩ ላይ አስገባለሁ፣ የሚበልጠውን አያለሁ፣ በሱ ፌሮ አወጣለሁ፣ በቃ። ነፋሱ ከበለጠ ስለ መንቀጥቀጡ መለስ ብዬ አላስብም። ይህን ልማድ ሁለተኛው ሳምንት አስጣለኝ። ነፋስ ሕንፃውን ከውጭ ነው የሚገፋው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። መንቀጥቀጥ ግን ከሥር ይመጣል። መሬቱ ሲሄድ ሕንፃው በክብደቱ ወደኋላ ይቀራል፣ ኃይሉም ከዚያው ክብደት ይወለዳል። ነፋስ እንዳይገለብጠን የሚረዳን ክብደት እዚህ ጋ ዕዳ ነው።

ትልቁ ነገር ደግሞ ይሄ ነው። ለነፋስ ስናሰላ ሕንፃው ሳይጎዳ እንዲቆም እንፈልጋለን። ለትልቅ መንቀጥቀጥ ግን ፌሮው እንደሚሳብ፣ ኮንክሪቱም እንደሚሰነጠቅ አስቀድመን ተቀብለን ነው ኃይሉን የምንቀንሰው፤ በአሜሪካ ኮድ በልዩ ዲቴይል (በፌሮው አደራደርና አስተሳሰር) ለሚሠራ የኮንክሪት ፍሬም፣ ማለትም ለኮለንና ቢም አጽም፣ ኃይሉ ለ8 ይካፈላል። ቅናሹ የተፈቀደልን በዲቴይሉ ነው። ስለዚህ ነፋሱ ቢበልጥም ዲቴይሉ አይቀርም።

ምርጡ ትምህርት የስታፋው፣ ማለትም የኮለኑን ቋሚ ፌሮዎች ዙሪያውን አቅፎ የሚይዘው ቀለበት ፌሮ ነው። አስተማሪዋ የሁለት ኮለን ሙከራ ታሳያለች። ልዩነታቸው የስታፋው ጫፍ ብቻ ነው፤ አንዱ 90 ዲግሪ የታጠፈ፣ ሌላው 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ኮንክሪቱ ሆድ የገባ። ሁለቱም ወዲያና ወዲህ ይገፋሉ። የውጪው ሽፋን ከሁለቱም ይረግፋል። ከዚያ 90 ዲግሪው ቀስ ብሎ ይከፈታል፣ ቋሚ ፌሮዎቹ ወደ ውጭ ይቀለበሳሉ፣ ኮለኑም በአንዴ ይፈርሳል። ሌላው ሽፋኑ ሁሉ ረግፎ እንኳ ጭነቱን ይዞ ይወዛወዛል። ሦስት ጊዜ መልሼ አየሁት። በማግስቱ ሳይት ሄጄ ኮንክሪት ያልተሞላባቸውን ኮለኖች አንድ በአንድ ሳይ ግማሹ 90 ዲግሪ ነው፤ ለማሰር ስለሚቀል እንጂ ክፋት የለውም፣ ግን አስፈትቼ በአዲስ አስቀየርኩ።

የ1985ቱ የሜክሲኮ ሲቲ መንቀጥቀጥም በደንብ ተብራርቷል። መነሻው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ ከተማዋ ለምን እንደዚያ ተጎዳች? የከተማዋ ትልቅ ክፍል የተሠራው በድሮ ሐይቅ ለስላሳ ጭቃ ላይ ነው። ያ ጭቃ በየ2 ሰከንዱ አካባቢ ይወዛወዝ ስለነበር፣ ክፉኛ የተመቱት ከ6 እስከ 15 ፎቅ ገደማ ያላቸው፣ ሲሰነጠቁም መወዛወዛቸው እየዘገየ ከአፈሩ ጋር የገጠመ ሕንፃዎች ናቸው። አፈሩን ሳያዩ የፎቅ ብዛት ብቻ መቁጠር የትም እንደማያደርስ ያኔ ገባኝ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ነፋስ የተሰጠው አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም የግፊት ስሌት ላይ ያልቃል። ረጅም ሕንፃ ላይ ነፋሱ ከጎን እየተሽከረከረ ወደ ግራና ቀኝ ሲያወዛውዘው፣ ላይኛው ፎቅ ያለ ሰው ሲያዞረው ምን እንደሚደረግ አንድም ቃል የለም። መሠረትም በሩጫ ነው የታለፈው። የመልመጃዎቹ እርማት ደግሞ ይዘገያል፤ የአራተኛው ሳምንት ስህተቴን ያወቅኩት ሰባተኛው ላይ ነው። ስህተቱም ትንሽ አልነበረም። ሞዴሉ ላይ ቢሙንም ኮለኑንም ያልተሰነጠቀ አድርጌ ስላስገባሁ ሕንፃው ከእውነቱ በላይ ግትር ሆኖ፣ የፎቆቹ ወደ ጎን መንሸራተት በጣም ትንሽ መስሎ ነበር የታየኝ። መሰነጠቁን ለማስገባት የቢሙን ግትርነት በ0.35፣ የኮለኑን በ0.70 አባዝቼ ስደግመው ሸር ዎል (የጎን ግፊትን የሚሸከም የኮንክሪት ግድግዳ) መጨመር ግድ ሆነ።

ጀማሪ ከሆናችሁ ስትራክቸራል ዳይናሚክስን (የሕንፃ መወዛወዝ ትምህርትን) ከልሳችሁ ግቡ፤ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ቆሞ የሚጠብቃችሁ የለም።