ደብረ ብርሃን የዝውውር ማመልከቻ ያስጻፍኩበት ቤት

ባለቤቴ ኮንስታብል ነው። ከጣርማ በር ማዶ፣ ቆላው ላይ፣ ወንጀል መከላከል ውስጥ ይሠራል። እኔ ደብረ ብርሃን አስተማሪ ነኝ። ልጆቹ አባታቸውን የሚያዩት ሲሳካ በወር አንዴ ነው። ባለፈው ዓመት ራሱ በእጁ ጽፎ «ወደ ደብረ ብርሃን ወንጀል ምርመራ ልዛወር» ብሎ አመለከተ። ተመለሰበት። ለምን እንደተመለሰ የነገረው ሰው የለም። «አይቻልም» ብቻ። በጣም ነው ያዘንኩት።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት መናኸሪያ አካባቢ ያለችውን ጠባብ የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት የጠቆመችኝ። ባለቤቱ ጋሼ ድሮ ፖሊስ መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ አልጽፍም። የተመለሰውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበቡና «እህቴ፣ የጠየቃችሁት ቦታ ነው ወይስ ሥራ?» አሉኝ።

ለካ ችግሩ እሱ ኖሯል። እኛ የፈለግነው አንድ ላይ መኖር ነው፤ ወረቀቱ ግን ቦታም የሥራ ክፍልም በአንድ ላይ ይለምናል። ከወረዳ ወረዳ በያዙት ሥራ መዛወር አንድ ነገር ነው፣ ለሱ የቤተሰብ ሁኔታ ምክንያት ይሆናል። ከመከላከል ወደ ምርመራ መግባት ደግሞ ሌላ ነው፤ ክፍት መደብ ይፈልጋል፣ ስልጠና ይፈልጋል፣ ተቀባዩ ክፍልም እሺ ማለት አለበት። ጋሼ እንዳስረዱኝ መርማሪ ቃል ይቀበላል፣ ማስረጃ ይሰበስባል፣ የተያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ያቀርባል (ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ያለው ነው፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር)። መዝገቡ ከተበላሸ የሰው መብት ወይም የተበዳይ ፍትሕ ይበላሻል። ስለዚህ «ልጆቼ ናፈቁኝ» ብሎ ምርመራ የሚገባ የለም። ይሄን ቀድሞ የነገረን ቢኖር ኖሮ!

እግረ መንገዴን ፌደራል ፖሊስ መግባትስ አይቀልም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ይመጣል ብዬ አስቤ። ሳቅ ብለው ክልሉ የራሱን ፖሊስ የሚያቋቁመውና የሚያስተዳድረው በአንቀጽ 52 መሠረት እንደሆነ፣ ፌደራል ፖሊስ ደግሞ ሌላ ቀጣሪ እንደሆነ ነገሩኝ። ከትራፊክ ወደ መከላከል እንደመቀየር የሚታይ አይደለም።

ከዚያ ወረቀቱን አዲስ አድርገው ጻፉት። ቦታ ብቻ ይጠይቃል። በቀጥታ ለዞን ሳይሆን በቅርብ ኃላፊው በኩል፣ የኃላፊው አስተያየት ተጽፎበት እንዲሄድ አደረጉ። የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀትና እኔ ከመሥሪያ ቤቴ ያመጣሁትን ደብዳቤ በአባሪነት አያያዙ። ተቀያያሪ እንድንፈልግም መከሩን፤ ማለትም ቤተሰቡ ቆላ ያለና ደብረ ብርሃን የሚሠራ፣ ማዕረጉም ኮንስታብል የሆነ ሰው። ያ ምክር ነው የጠቀመን። ባለቤቴ ጠይቆ ጠይቆ በሦስት ሳምንት አንድ ልጅ አገኘ፣ ሁለቱም አንድ ቀን አስገቡ።

ጉድለትም አለው። 200 ብር ከፍያለሁ፣ ለአንድ ገጽ ተኩል ውድ ነው፣ ሌላ ቦታ ከዚያ በታች ይጻፋል። መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፣ እኔ ሁለት ቀን ተመላልሻለሁ። የባለቤቴን አያት ስም ተሳስተው ነበር፤ አሳየኋቸውና ያለ ተጨማሪ ክፍያ አስተካከሉት። ሳትፈርሙ ስሙን፣ ማዕረጉንና የመታወቂያ ቁጥሩን አንብቡ። አስገብታችሁም የመዝገብ ቁጥር ሳትቀበሉ እንዳትወጡ፤ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ስንከታተል ቁጥር ስላልነበረን የት እንደደረሰ እንኳ ማወቅ አቅቶን ነበር።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ይሄ ሁሉ ነገር አንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ የቢሮው ግድግዳ ላይ መለጠፍ ሲችል አለመለጠፉ ነው። ሌሊት ሲጠብቅ የሚያድር ሰው የራሱን መብት ለማወቅ ጽሑፍ ቤት መሄድ አልነበረበትም።

ዝውውሩ በሦስተኛው ወር ወጣ። አሁን እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው፣ ያው መከላከል ላይ። ማታ ተራ ከሌለው ልጆቹን የቤት ሥራ የሚያሠራው እሱ ነው። ምርመራውን የስልጠና ማስታወቂያ ሲወጣ ለብቻው ይጠይቃል፣ ያን ጊዜም ጋሼ ጋ ነው የምናስጽፈው።