ጓዳችንን ጓዳ ያስመሰለችልን ልጅ

ደሴ ያላችሁ ወዳጆች፣ የማመሰግናት ልጅ አለችኝ። ሥራዋ ጽዳት አይደለም፤ ቤት ማደራጀት ነው። የተጨናነቀ ጓዳ፣ አልዘጋ ያለ ቁም ሳጥን፣ አልጋ ሥር የታጨቀ ሻንጣ ካላችሁ እሷን ጥሩ። ስሟን አደባባይ እንዳላወጣው ስለጠየቀችኝ ትቼዋለሁ።

የጠራኋት መደርደሪያ የት ላሠራ ብዬ ነበር። "መደርደሪያው ይቆይ፣ መጀመሪያ ያለውን እንየው" አለችኝ። ከዚያ ክፍል በክፍል መሄዱን ትታ ዕቃውን በየዓይነቱ ሰበሰበች። ከሳሎን፣ ከጓዳ፣ ከበረንዳ የተገኘው ፕላስቲክ ሁሉ አንድ ቦታ ተከመረ። ጉድ ነው! ክዳን የሌለው ዕቃ፣ ዕቃ የሌለው ክዳን። ምንጩ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ልዋጭ። አሮጌ ልብስ ሰጥተን ሌላ ሳፋ እናስገባለን፤ ታዲያ ቤቱ መቼ ይቅለለው? እሷ የምትለው፣ ልብሱን ለሚለብሰው ስጡ፣ ብረታ ብረቱን ለቆራሌው በብር ሽጡ፣ በዕቃ አትለውጡ ነው።

ከሁሉ የወደድኩላት ግን ትዕግሥቷን ነው። እናቴ ዕቃ አትጥልም። ልጅቷ ክዳኑ የጠፋ ፔርሙስ አንስታ "እማማ፣ ይሄስ?" ብትላት፣ "ተይው ልጄ፣ ክዳኑ ይገኛል" አለቻት። አልተከራከረቻትም። ካርቶን አመጣችና "እንግዲያው እዚህ ይቆይ። እስከ መስቀል ካልተገኘ ለቆራሌው" አለች። ትንሽ ቆይቶ እናቴ ራሷ ካርቶኑን ትሞላው ጀመር። እኛ ልጆቿ በስንት ጭቅጭቅ ያልቻልነውን! እጇን ቁርጥማት አይንካው።

ረከቦቱን ማንም አልነካውም፤ ወሎ ቤት የቡና ጥግ አይደፈርም። ጀበናውን፣ ማራገቢያውንና ማጨሻውን ግን ከጎኑ ሰበሰበቻቸው። ከእንግዲህ ማራገቢያ ፍለጋ ቤት አይታመስም።

የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ። የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ቤቱ ሁሉ ይረጥባል። የጤፉን ማዳበሪያ ከሲሚንቶው አንስታ ጣውላ ላይ አስቀመጠችው፤ አየር እንዲያገኝም ከግድግዳው አራቀችው። የሽሮና የበርበሬ ዕቃዎቹ ላይ የተፈጨበትን ወር ጻፈችባቸው፤ የቆየው ከፊት፣ አዲሱ ከኋላ። የየዕለቱ ዕቃ እጅ በሚደርስበት፣ የድግስ ድስት ታች። የቤት ካርታው፣ የልደት ካርዱና የክትባት ካርዱ አንድ ፋይል ውስጥ ገቡ። መደርደሪያውስ? አላስፈለገም።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ቁልፍ ሰጥቶ ሥራ መሄድ የለም። ሳትጠይቅ አንዲት ነገር ስለማትጥል የቤቱ ባለቤት አብሯት መዋል አለበት፤ ያደክማል። ቁም ሳጥን የሚያነሳ ጉልበተኛም ራሳችሁ ፈልጉ። ዋጋውን የምትናገረው ቤቱን አይታ ነው፤ እኔ ሳልከራከር ነው የከፈልኳት። ትራንስፖርት ከቻላችሁላት ኮምቦልቻም ትወርዳለች። ስልኳን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ፈቅዳልኛለች። በዓል ሲደርስ ስለማትገኝ ግን ቀደም ብላችሁ ያዟት።