«አንጣላም» ስንት ብር ነው? የደሴና የኮምቦልቻ ጸጉር ቤቶች ዋጋ

ከውጭ መጥታችሁ ደሴ ፒያሳ ወይም ኮምቦልቻ ጸጉር ልትሠሩ ካሰባችሁ በሙያው በኩል አትስጉ። ሹሩባው መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ በቢጎዲን ተጠቅልሎ ካስክ ውስጥ የደረቀ ጸጉርም ቅርጹን ይዞ ይሰነብታል። የሚያስቸግረው ዋጋው ነው። «ስንት ነው?» ስትሉ «አብሽሪ፣ አንጣላም» ትባላላችሁ። ወሎዬነት ነው፣ ደግነቱም የምር ነው። ሥራው አልቆ ከወንበር ስትነሱ ግን ያው «አንጣላም» ቁጥር ሆኖ ይመጣል፤ ቁጥሩ ደግሞ ከጸጉራችሁ ይልቅ ጫማችሁንና የአነጋገር ቅላጼያችሁን ያየ ይመስላል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውንም ሆነ የአገልግሎቱን ዋጋ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ያዛል። በገባሁባቸው ቤቶች የለጠፉት ጥቂት ናቸው። ምክንያታቸውም ከንቱ አይደለም፤ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ሪላክሰር (ጸጉር ማለስለሻ መድኃኒት) እና ቀለም ዋጋው አልረጋ ብሏል፣ ማን በየሳምንቱ ሰሌዳ ይጽፋል? መፍትሔው ሁለቱን መለየት ነው። የእጅ ዋጋው ይለጠፍ፤ የዕቃው ዋጋ በተገዛበት ልክ ለብቻው ይነገር። ኮምቦልቻ አንድ ቤት ይህን ያደርጋል፤ እዚያ ማንም ሲከራከር አላየሁም።

የእጅ ዋጋ ሲሰላ የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። ለምሳሌ ኪራይ፣ መብራት፣ ውሃና ደመወዝ በወር 60,000 ብር የሚወስድባት ባለ 3 ወንበር ቤት እንበል። በቀን 10 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ክፍት ናት፤ ይህ 780 የወንበር ሰዓት ነው፣ ሰዓቱም 77 ብር ገደማ ይወጣል። ወንበሩ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ሰው አይቀመጥም። መብራት ይጠፋል፣ ጠዋት ገበያ የለም፣ ቀጠሮ የያዘችው ትቀራለች። በእርግጥ የሚሠራበት በቀን 6 ሰዓት ከሆነ 468 ሰዓት ነው፣ ሰዓቱ ደግሞ 128 ብር። በ77 የተመነች ባለቤት በየሰዓቱ 51 ብር ይጎድልባታል፤ ጉድለቷን የምትሞላው ከሙሽራና ከዲያስፖራ እየለቀመች ነው። ስለዚህ የዲያስፖራ ዋጋ ሁልጊዜ ስግብግብነት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የሒሳብ ቀዳዳ መድፈኛ ነው። በትክክለኛው ሰዓት አንድ ተኩል ሰዓት የሚፈጅ ሥራ 192 ብር ነው፤ 70 ብር ዕቃ ቢገባበት 262፣ 20 በመቶ ትርፍ ሲታከል 314። ለቫት የተመዘገበ ቤት 15 በመቶውን ከዚህ ላይ ይጨምራል። ይህ ለሁሉም የሚሆን ዋጋ ነው፤ ለማንም ዝቅ ለማንም ከፍ ማድረግ አያስፈልገውም።

ደሴና ኮምቦልቻ ለአንድ ዓይነት ሥራ ዋጋቸው ቢለያይ ግን አይግረማችሁ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ውሃው መሞቅ አለበት፣ ጸጉርም ካስክ ውስጥ ይቆያል። በሐረጎ ዳገት ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ሙቀቱ ራሱ ግማሹን ያደርቀዋል።

«ጸጉርሽ ብዙ ነው፣ ይጨመርበታል» የሚለው ነገር ደስ አይልም፤ ሴትየዋን በተፈጥሮዋ መቅጣት ይመስላል። ደሴ ያየኋት አንዲት ባለሙያ የተሻለ ዘዴ አላት። ቀለሙን ደንበኛዋ ፊት በትንሽ ሚዛን ትመዝናለች። አንዱ ባለ 60 ግራም ቱቦ ከበቃ በቃ፤ ሁለተኛው ከተከፈተ የዚያን ዋጋ ብቻ ትደምራለች፣ ባዶውንም ቱቦ ታሳያለች። ሹሩባም እንዲሁ በመስመር ብዛትና በገባው ዊግ ጥቅል ቢተመን ጭቅጭቅ አይኖርም። ጸጉሯን አሳጥራ በማሽን የምትስተካከል ሴትም የወንዱን ያህል ደቂቃ ነው የምትወስደው፤ «የሴት ዋጋ» የምትከፍልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሪላክሰር ላይ ጠንቀቅ በሉ። ሠራተኛዋ ግማሽ ድርሻዋን ከጠቅላላው ሒሳብ ላይ የምትወስድ ከሆነ የዕቃው ወጪ ሙሉ በሙሉ ባለቤቷ ላይ ይወድቃል። ያኔ የሚቆጠበው ከማጠቢያው ነው፤ የመድኃኒቱን ኃይል የሚያጠፋው ልዩ ሻምፖ ይቀርና በተራ ሻምፖ ይታጠባል፣ የቀረው መድኃኒት ራስ ቆዳ ያቃጥላል፣ ጸጉርም ይሰባበራል። የዕቃው ወጪ ቀድሞ ተቀንሶ የቀረው ቢካፈል ይህ አይመጣም። አዲስ የበቀለው ሥር ብቻ ከሆነ የሚነካው የሙሉ ጸጉር ዋጋ አትክፈሉ። ራሳችሁን የፎከታችሁ ሰሞንም አትሠሩ።

ሂና ላይ ዋጋው የተገለበጠ ይመስላል። የቅጠሉ ሂና እጅ ላይ ሰዓታት ይቆያል፣ መጀመሪያ ብርቱካናማ ሆኖ በማግስቱ ወደ ጥቁር ቡናማ ይሄዳል፤ ጊዜ ስለሚወስድ ውድ ቢሆን ልክ ነው። በግማሽ ሰዓት የሚጠቁረው «ጥቁር ሂና» የሚረክሰው አብዛኛውን ጊዜ የጸጉር ቀለም ኬሚካል ስላለበት ነው። ፒፒዲ ይባላል፤ ቆዳ ያሳብጣል፣ ጠባሳም ሊተው ይችላል። ለሠርግ ብላችሁ ርካሹን አትምረጡ።

ሒጃብ ለምታደርግ ደንበኛ መጋረጃና ወንድ የማይገባበት ጥግ ደሴ ውስጥ እንደ ተጨማሪ አገልግሎት መቆጠር የለበትም። አብዛኞቹ ምንም አያስከፍሉም፤ አንድ ቦታ «የግል ክፍል» ብለው ጨምረውበት አይቻለሁ። ሌላው የማይታሰበው ደረጃ ነው። ብዙዎቹ ሳሎኖች ፎቅ ላይ ናቸው፤ ጉልበታቸው የደከመ እናቶች ታች ሆነው እንዲታጠቡላቸው ቢጠይቁ አንዳንዶቹ ወርደው ይሠራሉ፣ መጠየቅ ግን ግድ ነው።

ስትሄዱ ጨርቁ አንገታችሁ ላይ ሳይታሰር በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፤ የእጁ ስንት፣ የዕቃው ስንት፣ ሁለተኛ ቱቦ ቢከፈት ስንት። የበዓል ዋዜማና የጥር ሠርግ ሰሞን ጭማሪ ካለም ያኔ ይነገራችሁ። በቴሌብር ብትከፍሉ የከፈላችሁት መጠን ተመዝግቦ ይቀራል። ጉርሻ ካሰባችሁ ግን በጥሬ ገንዘብ ለአጣቢዋ በእጇ ስጧት፤ በአብዛኞቹ ቤቶች ከድርሻው ክፍፍል ውስጥ የለችበትም።