ውዱ ወይስ ርካሹ? ፓራሲታሞልና የቆዳ ጫማ

ፒያሳ አካባቢ ፋርማሲ ገብታችሁ ፓራሲታሞል ስትጠይቁ «የአገር ውስጡን ነው የውጩን?» ልትባሉ ትችላላችሁ። ብዙ ሰው የውጩን ይላል። ውድ ነዋ!

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና አንብቡ። «ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም» ይላል፣ ያኛውም እንደዚያው። ሕመም የሚያስታግሰው ነገር አንድ ነው። የሚለየው ስሙ፣ ማሸጊያውና የመጣበት አገር ነው። ለተራ ራስ ምታት እኔ ርካሹን እገዛለሁ፤ ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት፣ የሚያበቃበትን ቀን አይቼ።

«የውጩ ግን ቶሎ ያሽለኛል» የሚል አይጠፋም። አልዋሸም። በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመ የአሜሪካ ጥናት 82 ፈቃደኞች ምንም መድኃኒት የሌለበት ክኒን ተሰጣቸው። ለግማሾቹ አንዱ ፍሬ 2.50 ዶላር ነው ተባለ፤ ለቀሩት ዋጋው ወርዶ 10 ሳንቲም ሆኗል ተባለ። ከዚያ እጃቸውን በኤሌክትሪክ እየነዘሩ ሕመማቸውን ጠየቋቸው። ውድ ነው ከተባሉት 85 በመቶው ሕመሙ ቀነሰልኝ አሉ። ከርካሾቹ ደግሞ 61 በመቶው። ክኒኑ ባዶ ነው እኮ!

ጫማ ላይ ግን ዋጋ አንዳንዴ እውነት ይናገራል። መርካቶ ሸራ ተራ ከሚሰፋው ጫማና ፒያሳ መስታወት ውስጥ ከተደረደረው የቱ ይሻላል? የፒያሳው ዋጋ ውስጥ የቤት ኪራይም አለበት። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ገልብጣችሁ እዩት፤ ከሰማችሁ በኋላ ዓይናችሁም ያዳላል። ያልተሸፈነ የቆዳ ጠርዝ ፈልጉ። የእውነተኛ ቆዳ ጀርባ ሻካራ ነው፤ የሰው ሠራሹ ብዙ ጊዜ ጨርቅ ነው። ሻጩ ላይተር ለኩሶ ቢያሳያችሁ አትደነቁ፤ ለቅጽበት እሳት ያልያዘ ሁሉ ቆዳ አይደለም። ሶሉስ ተሰፍቷል ወይስ በማስቲሽ ብቻ ነው የተለጠፈው? ቆዳውም ስፌቱም እውነተኛ ከሆነ ውዱን ውሰዱ፣ ክረምቱን ይችላል። ሁለቱም ጫማዎች በማስቲሽ ብቻ የተለጠፉ ከሆኑ ለመስታወቱ አትክፈሉ።

ድርድር ላይም ተጠንቀቁ። ስድስት ሺህ ብሎ ጀምሮ በሦስት ሺህ ሲለቅላችሁ፣ የስድስት ሺህ ጫማ በግማሽ ያገኛችሁ ይመስላችኋል። ሲጀመር ስድስት ሺህ ያለው ማን ሆነና?

ግራ ከገባችሁ ደጅ የተቀመጠውን ሊስትሮ አማክሩ። ቀኑን ሙሉ ጫማ ሲዳስስ የሚውለው እሱ ነው። ከሱቁ ኮሚሽን ከሌለው ማለቴ ነው።