መጽሐፍ የተገነጠለባችሁ የድሬ ልጆች፣ ከዚራ ያሉትን ጋሼ እወቋቸው

እንዴት ናችሁ አቦ የድሬ ልጆች፣ ዛሬ የማመሰግነው ሰው አለኝ፣ ስማርት ስልክ ስለሌላቸው ራሳቸው ፖስቱን አያዩትም ግን እናንተ እንድታውቋቸው ብዬ ነው። ከዚራ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ዛፍ ስር ቁጭ ብለው መጽሐፍና ደብተር የሚጠርዙ ሽማግሌ አሉ፣ ሁሉም ሰው ጋሼ ነው የሚላቸው። ዳዊትም ቁርዓንም የተማሪ ደብተርም ሲጠርዙ አይታችኋቸው ይሆናል።

እኔ የወሰድኩላቸው ስለ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ሚስት ስለ ፋኒ የተጻፈ ወፍራም ታሪካዊ ልቦለድ ነው፣ ትሬዠር አይላንድን የጻፈው ሰውዬ ማለቴ ነው። ይሄ መጽሐፍ ከኔ እጅ ወጥቶ ሳቢያን ሄደ፣ ገንደ ቆሬ ሄደ፣ አንዷ ደሞ ሐረር ይዛው ወጣች፣ ሲመለስልኝ ጀርባው ተሰንጥቆ ግማሹ በፌስታል ነው የመጣው። አልፈርድባቸውም፣ ታሪኩ አያስቀምጥም። ሴትዮዋ ባለትዳር ናት፣ በፈረንጆቹ 1875 ሶስት ልጆቿን ይዛ ከአሜሪካ አውሮፓ ትሄዳለች፣ ትንሹ ልጇ ፓሪስ ላይ ይሞትባታል፣ ሀዘኑ ሳይወጣላት ሰዓሊዎች የሚያርፉበት አንድ የፈረንሳይ ገጠር ውስጥ ከስቲቨንሰን ጋር ይተዋወቃሉ፣ እሱ በ10 ዓመት ያንሳታል፣ ደረቱን ያመዋል፣ ገንዘብ የለው። አገሯ ከተመለሰች በኋላ እሱ በ1879 ለእናት ላባቱ ሳይናገር መርከብ ይሳፈርና አሜሪካን ከዳር ዳር በባቡር አቋርጦ ካሊፎርኒያ ይደርሳል፣ እዛም ታሞ ከሞት ነው የተረፈው፣ በዓመቱ ተጋቡ። የባቡር ከተማ ልጆች ስለሆንን መሰለኝ ያቺ የባቡር ጉዞ ያነበብነውን ሁሉ ይዛናለች።

መጀመሪያ ሌላ ቦታ ሰጥቼው ነበር፣ ኮላ ለቅልቀው መለሱልኝ፣ በድሬ ሙቀት ኮላ ብቻውን የት ይደርሳል፣ እንደገና ተላቀቀ። ጋሼ ግን ገና ሲያዩት "ይሄ መሰፋት ነው ያለበት" አሉ። የድሮውን ኮላ በምላጭ ፍቀው አነሱ፣ ከዛ ገጹን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመሩ፣ እንግሊዝኛ አያነቡም ግን ቁጥር አታመልጣቸውም፣ 212 ላይ ቆም ብለው "ልጄ፣ ቀጥሎ 215 ነው፣ አንድ ቅጠል ጎድሎብሻል" አሉኝ። ስንቱ ሰው አንብቦት ማንም አልነገረኝም እኮ! አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ ተመሳሳዩ ነበራትና በቴሌግራም ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፣ ፕሪንት አስደርጌ ወሰድኩላቸው፣ ልኩን ቆርጠው ቦታው ላይ አስገቡት።

ስፌቱን ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት። በወስፌ ይበሳሉ፣ ክሩን ሰም ላይ ጎተት ያደርጉታል፣ ይሰፋሉ፣ ጀርባው ላይ ጨርቅ፣ ከላይ ካርቶን፣ ከዛ ድንጋይ ተጭኖበት ያድራል። እየሰፉ "ስለ ምንድነው?" አሉኝና መተረክ ጀመርኩ፣ ስቲቨንሰን ዶክተር ጂኪልና ሚስተር ሃይድ የሚለውን መጽሐፉን ሲጽፍ ፋኒ የመጀመሪያውን ረቂቅ ተችታበት እሳት ውስጥ ገባ ይባላል፣ ከዛ እንደ አዲስ ጻፈው ስላቸው መርፌውን አቆሙ። "እሳት ውስጥ? ወረቀቱን?" አሉ። ፍቅሩም መርከቡም ምንም አልመሰላቸውም፣ የወረቀቱ መቃጠል ነው ያንገበገባቸው። ሰውዬው በ1894 ሳሞዋ ላይ በ44 ዓመቱ ሲሞት የእሷም አስከሬን አመድ በኋላ ተወስዶ እሱ ጋር እንደተቀበረ ስነግራቸው ነው ትንሽ ይቅር ያሏት።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ የተሰፋ መጽሐፍ እንደ በፊቱ ተዘርግቶ አይከፈትም፣ መሀሉን በእጅ መያዝ አለባችሁ፣ ይሄንንም ሳይጀምሩ ነግረውኛል። ዋጋም ቀድመው ነው የሚቆርጡት፣ ሲጨርሱ አይጨምሩም። ቀብድ አልጠየቁኝም።

በጠዋት ሂዱ፣ ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ይነሱና አመሻሽ ነው የሚመለሱት። የተገነጠለ ገጽ ካለ እንዳትጥሉ፣ ብጣሽም ብትሆን ይዛችሁ ሂዱ። ፋኒን ማንበብ የምትፈልጉ ደሞ ኮሜንት ላይ ተራ ያዙ፣ ሐረር የወሰድሽው አንቺ ግን መጨረሻ ነሽ።