ልብ ያለበት የፔንሲልቫኒያ የእጅ ሥራ፦ ወረቀቱ፣ ክዊልቱ ወይስ ሳህኑ?

የልብ ምስል ያለበት የድሮ የአሜሪካ የእጅ ሥራ ለስጦታ ስትፈልጉ ደጋግማችሁ የምትደርሱት የፔንሲልቫኒያ ጀርመኖች ሥራ ላይ ነው፤ ከጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች መጥተው ፔንሲልቫኒያ የሰፈሩ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። በዋሽንግተን ዙሪያ ለምትኖሩ፣ ይህ ሥራ የሚገኝባት የፔንሲልቫኒያዋ ላንካስተር በመኪና ደርሶ መልስ ነው።

ለክርስትና ስጦታ እኔ ወረቀቱን አስቀድማለሁ። ታውፍሻይን ይባላል፤ የልደትና የጥምቀት ምስክር ነው። የትምህርት ቤት መምህራንና ቀሳውስት ፍራክቱር በሚባለው የጀርመን አጻጻፍ፣ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1740ዎቹ እስከ 1860 ገደማ ያዘጋጁት ነበር። በአንዳንዶቹ መሐል ላይ ትልቅ ልብ አለ፤ የሕፃኑና የወላጆቹ ስም፣ ብዙ ጊዜም የክርስትና አባትና እናት ስም እዚያው ውስጥ ይሰፍራል። ዙሪያውን ቱሊፕ አበባና ወፎች ይከቡታል።

ሙሉ በሙሉ በእጅ የተሣለው ውድ ነው። ማተሚያ ቤት አትሞት ስሙና ቀለሙ በእጅ የተሞላው ግን እሱም የዘመኑ ሥራ ሆኖ በዋጋ ይቀላል፤ ለጀማሪ ገዢ እሱ ይሻላል። በአጉሊ መነጽር ስታዩት ቀለሙ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሠራ ከሆነ የዘመናችን ቅጂ ነው። “የአሚሽ ሕፃን የጥምቀት ወረቀት” የሚላችሁ ሻጭ ካለም ተጠራጠሩ፤ አሚሾች (ከዘመናዊ ኑሮ ርቀው የሚኖሩ የፕሮቴስታንት ማኅበረሰብ) የሚያጠምቁት ሰው ካደገ በኋላ ነው። የዚህ ወረቀት ባለቤቶች በአብዛኛው ሕፃናትን የሚያጠምቁት የሉተራንና የሪፎርምድ ፕሮቴስታንት ቤተሰቦች ነበሩ። የጽሑፉ ቡናማ ቀለም ብረት ስላለበት ወረቀቱን ይበላል፤ በፊደሎቹ ላይ ስንጥቅ እንዳለ እዩ፤ ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይም አትስቀሉት።

ለሠርግ ከሆነ ክዊልት፤ ብዙ ጊዜ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ፣ ተደራርቦ የሚሰፋ የአልጋ ልብስ ነው። (የእኛ ሰው ድሪቶ ብሎ ሊስቅ ይችላል፤ ስፌቱን ቀረብ ብሎ እስኪያይ ነው።) ልቡ አንዳንዴ ከሌላ ጨርቅ ተቆርጦ ይሰፋል፤ አንዳንዴ ደግሞ የክር መስመር ብቻ ነውና መብራት በጎን ካላበራችሁበት አይታይም። ልብ የሚሰፋው ለሙሽራ ክዊልት ብቻ ነው የሚል የቆየ ወሬ አለ፤ ሻጮች ይወዱታል፤ ልብ ስላለበት ብቻ ግን የሙሽራ ነው ማለት አይቻልም። አሮጌውን ለረጅም ጊዜ ብትሰቅሉት በራሱ ክብደት ይጎተታል፣ አጠባም አይችልም። ሙሽሮቹ እንዲተኙበት ከፈለጋችሁ የላንካስተር የአሚሽና የሜኖናይት (ከአሚሾች ጋር የሚዛመድ ማኅበር) ሴቶች አሁን የሚሰፉትን አዲሱን ግዙ።

ቀዩ የሸክላ ሳህን ለዓይን ያምራል፤ ነጩን ቅብ ጭረው ቀዩን አፈር በማውጣት ነው ልቡን የሚሥሉት። የድሮው ማብረቅረቂያ ግን እርሳስ አለበት፤ ወጥ አይወጣበትም። አዲስ ከሆነ ለምግብ እንደሚሆን ጠይቁ።

ሄክስ ሳይን የሚባሉት ክብ የእንጨት ሥዕሎች ርካሽ ናቸው፤ ለበረንዳ ይሆናሉ። በድሮዎቹ ጎተራዎች ላይ ይሣል የነበረው በአብዛኛው ኮከብ ነው፤ ልብና ወፍ ያለባቸው ክብ ሰሌዳዎች በብዛት ለጎብኚ መሸጥ የጀመሩት በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። የጥንት ዋጋ ከጠሩባችሁ እለፉት።